የልጄ ባንድና በማለዳ የመጡት ሰዎች

ሌላ ሰው የልጁን ባንድ ታሪክ ሲያወራ ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከጎማው ነው። ልጄና ጓደኞቿ ያን አሮጌ ቫን ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ገዝተው ሊያሳዩኝ ያመጡት ቀን፣ እነሱ በሩን ከፍተው ድራሙ የት እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚተኛ ያስረዱኛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማውን አያለሁ። መላጣ ነው። "በዚህ ነው ዱሉዝ ድረስ የምትሄዱት?" አልኳት። "እማ፣ ልንዘፍን እንጂ ልንሽቀዳደም አይደለም የምንሄደው" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ሚኒሶታ የተወለደ ልጅ አማርኛውን ይሰማል እንጂ አይመልስበትም። በነጋታው ቫኑን ራሴ ወስጄ ጎማውን አስቀየርኩት።

ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ስፈጠር ግን እንዲህ አልነበርኩም። ልጅ ሆኜ ከወንድሞቼ እኩል አጥር የምዘል፣ ውሻ የማልፈራ፣ አፈ ሹል ነበርኩ። አፉ አሁንም አለ፤ ድፍረቱ ነው የተወሰደብኝ።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኤደን ፕሬሪ ካለ መጋዘን ጭኖ ወደ ፋርጎ ይነዳል፣ አራግፎ ይመለሳል። ልጃችን የሰባት ዓመት ልጅ እያለች፣ በጥር፣ እንደ ልማዱ ግንባሯን ስሞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ብላክ አይስ ይሉታል፤ አስፋልት መስሎ የተኛ በረዶ ነው፤ እላዩ ላይ እስክትወጣ አታውቀውም።

መርዶውን ያመጡልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፤ እዚያው መጋዘን ይሠራሉ። ሁለተኛዋ የልጄ ክርስትና እናት። ሦስተኛው ከባሌ ጋር እየተፈራረቀ ይነዳ የነበረ ባልንጀራው፤ ኦሮሞ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጎቴ ትለዋለች። መርዶ በማለዳ አይደል የሚነገር? አሜሪካም ቢሆን ደንቡ አልቀረም። ገና ሳይነጋ ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ በር ላይ ቆመው ደወሉ። "ለደህና ነው የመጣነው" አሉኝ። እኔ ሞኟ አመንኳቸው፤ ግቡ አልኩ፣ ተቀመጡ አልኩ። ሲቀመጡ ነው የነገሩኝ። ልጄ በፒጃማዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ታይ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር እፈራለሁ፤ ዊንተር የሚሉትን የበረዶ ወራትና ማለዳን። ዊንተርን እዚህ አገር የማይፈራ የለም። ማለዳን ግን የምፈራው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ስቀጠር ሁሉም ሰው ጠዋት ገብቶ በጊዜ መውጣቱን ሲሻማ፣ እኔ ሰከንድ ሺፍት፣ የከሰዓቱን ፈረቃ፣ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ማለዳ ቤቴ ሆኜ፣ ልጄ አልጋዋ ላይ መተኛቷን አይቼ፣ በሬን ማንም ሳያንኳኳ ፀሐይ ስትወጣ ነው ቀኑ የሚጀምርልኝ።

ከበሮ ያስተማርናት እኛው ነን፤ ማንን እወቅሳለሁ? ሰንበት ትምህርት ቤት ከሴቶቹ ሁሉ እሷ ናት ከበሮ የምትይዘው። አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትመታ እናቶች ወደኔ ዞር እያሉ "እሰይ" ይላሉ፣ እኔም ደረቴ ይነፋል። ኋላ የትምህርት ቤቷ ባንድ ውስጥ ገባች። ከዚያ አንድ ረጅም ቀጭን ጊታር መቺ ልጅ ሮቢንስዴል ወላጆቹ ቤት ጋራዥ ውስጥ ባንድ አቋቁመናል፣ ድራም መቺ ጎደለን አላት። ዘፋኟ ፀጉሯን በየጊዜው የምትቀባ ደቃቃ ልጅ ናት፤ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ። ቤዝ የሚመታው ዝምተኛ ነው፤ ቤቴ ሲመጣ በልቶ አመስግኖ ይወጣል። ከሁሉም እሱን ነበር የምወደው።

የሚጫወቱት ፖፕ ፓንክ ይባላል። ፈጣን ነው። እየጮኹ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይዘላሉ። ዘፈኑ ሁሉ ከዚህ ከተማ ልውጣ፣ እዚህ ታፈንኩ፣ ማንም አልተረዳኝም ነው። እኔ ደግሞ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጋራዡ ማሞቂያ አለው፣ እናትየው ኩኪስ ጋግራ ታመጣላቸዋለች። "እስቲ ምን ጎድሎባችሁ ነው የምትጮኹት?" አልኳት አንድ ቀን። ሳቀችብኝ።

መጀመሪያ በሰው ምድር ቤት ነበር የሚጫወቱት፤ ደቡብ ሚኒያፖሊስ ተማሪዎች የተከራዩት ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን። ከዚያ ቡና ቤት ጀርባ፣ ከዚያ ትንንሽ መጠጥ ቤት። አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። ሄድኩ ማለት ፈቀድኩ ማለት ነው ብዬ ነው። ዘፈናቸውን ቀርጸው ሲያወጡ ግን ሥራ ስሄድ መኪና ውስጥ ለብቻዬ ከፈትኩት። መሀል ላይ ጊታሩ ሁሉ ዝም አለና ድራሙ ብቻውን፣ ረጋ ብሎ፣ አንድ ሁለት ሲል ሰማሁ። ያን አመታት አውቀዋለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የለመደችው ነው። ነርሲንግ ሆሙ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን ሳላጠፋ እስኪያልቅ ሰማሁት። እውነትም ትችላለች። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ባትችልማ ዛሬ ነገ ይሰለቻታል ብዬ ቁጭ እል ነበር።

ሲችሉ ይጠራሉ፤ ሲጠሩ ይነዳሉ። ዱሉዝ ሄዱ፣ ማዲሰን ሄዱ፣ ዲሞይን ሄዱ። አንድ ቺካጎ ያለ ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ አልበም አሠራችኋለሁ አላቸውና ደግሞ ቺካጎ። እኔ በያንዳንዱ ጉዞ ቫኑን ለጦርነት እንደሚሄድ አዘጋጀዋለሁ። ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ሻማ፣ አሸዋ፣ ቆሎ፣ በሶ። ማሞቂያው ከሹፌሩ እግር በቀር ማንንም አያሞቅም ነበር። ጠበልም እረጫለሁ። መጀመሪያ ቀን ጎማዎቹን ስረጭ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተሰልፈው ቆሙ፤ እነሱንም ረጨኋቸው። ከዚያ በኋላ ሳልረጫቸው ከመጣሁ ጊታር መቺው "ውሃውስ?" ይለኛል።

ሁለት ደንብ ነበረን። አንደኛው፣ ከመሄዷ በፊት አንገቷን ዝቅ ታደርግና እመርቃታለሁ፣ ግንባሯን እስማታለሁ። ሁለተኛው፣ የሄደችበት ስትገባ "ደረስኩ" ብላ ትልካለች። ይህቺን አንዲት ቃል በአማርኛ ነው የምትጽፋት። ያቺ ቃል እስክትመጣ ድረስ ስልኬ ላይ የመንገዱን ካርታ ከፍቼ የቱ ጋ በረዶ እንዳለ አያለሁ፤ በሽተኞቼን እያጎረስኩ እንኳን አንድ ዓይኔ ኪሴ ላይ ነው። "ደረስኩ" ስትል ትከሻዬ ይወርዳል። ስትመለስ ደግሞ እንደገና እስክትደርስ ድረስ ያው ነው።

ከዚያ ትልቁ መጣ። አገር የሚያውቀው አንድ ባንድ በጸደይ ሲዞር ከኛ በፊት መድረኩን እናንተ ክፈቱልን አላቸው። ከዚህ ተነስተው እስከ ካሊፎርኒያ፣ ከዚያ ዞረው እስከ ኒው ዮርክ። ልጄ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ትምህርቱን ማቋረጥ አለባት። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የነገረችኝ። ትምህርቱንማ ኋላም ይደረስበታል፤ እኔ የታየኝ መንገዱ ነው፣ ያ ሁሉ መንገድ።

"አይሆንም" አልኳት።

"እማ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።"

"አባትሽን የበላ መንገድ ነው።"

"አባዬ ብቻውን ነበር። እኛ አራት ነን።"

"እንግዲያውስ አራት ሬሳ" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ልጄ የድራም እንጨቶቿንና አንድ ቦርሳ ይዛ ወጣች፤ ዘፋኟ ቤት ሮቢንስዴል ሄዳ መኖር ጀመረች። "ደረስኩ" ብላ መላኳን ግን አላቋረጠችም። ተኳርፈንም ትልካለች። እኔም አይቼ ዝም እላለሁ፤ ኩራት ይሉታል ይህን፣ እኔ ድንቁርና እለዋለሁ።

ያኔ ነው ያ የብርድ ሳምንት የመጣው። እዚህ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ፖስተኛ እንኳን ደብዳቤ ማደል አቆመ። ሰው የፈላ ውሃ ወደ ላይ እየረጨ ሳይወርድ ጉም ሲሆን በስልኩ ይቀርጻል። ውጭ ትንሽ ከቆምክ ሽፋሽፍትህ ይጣበቃል። እነዚህ የኔ ጉዶች በዚህ ሳምንት ፋርጎ ሊጫወቱ ሄዱ። ፋርጎ፤ በዚያው በአባቷ መንገድ። ያለ ምርቃት ረጅም መንገድ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። እንደ ወትሮዬ ጠበሌን ይዤ ሮቢንስዴል ብሄድ ምን ነበረበት? አልሄድኩም። እሷ ትምጣና ትጠይቀኝ አልኩ።

ስትሄድ "ደረስኩ" አለች። በነጋታው መመለሻዋ ነበር። ከሥራ ገባሁ፣ ስልኬን አየሁ፣ የለም። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ለዘፋኟ ደወልኩ፤ አታነሳም። ካርታውን ከፈትኩት፤ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐምራዊ ነው፤ ሐምራዊ ማለት በረዶ ለብሷል ማለት ነው። ልብሴን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ስጸልይ እጀምርና ቃሉ ይጠፋኛል። ቫኑ ገደል ገብቶ አያለሁ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ አያለሁ፣ ልጄ በዚያች ቀጭን ጃኬት። ሻማውን ማን አቀበላቸው? አካፋውን አውጥተውት ከሆነስ? በዚህ ጉዞ ቫኑን ያዘጋጀ የለም። እኔ ነበርኩ የማዘጋጀው።

ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። ዘልዬ ያዝኩት። ጋሼ ናቸው።

ጋሼ በማለዳ ደውለውልኝ አያውቁም። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ሲደውሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እጄ ላይ ይንጫጫል፣ እኔ ስማቸውን አያለሁ። አላነሳሁትም። ካነሳሁት ይነግሩኛል፤ ካላነሳሁት ምንም አልሆነም። ዝም አለ። ወዲያው ክርስትና እናቷ ደወለች። ስልኩን ከሶፋው ትራስ ሥር ከተትኩት። እዚያም ሆኖ ይጮሃል።

ከዚያ ውጭ መኪና ሲቆም ሰማሁ። መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አደረግኩ። የጋሼ መኪና ነው። ጋሼ ወረዱ። ክርስትና እናቷ ወረደች፤ ከካፖርቷ ሥር ነጠላዋ ነጭ ሆኖ ይታያል። በወዲያ በኩል ደግሞ አጎቴ የምትለው የባሌ ባልንጀራ ወረደ። እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው አልቀነሱም፣ አንድ ሰው አልጨመሩም። በበረዶው ላይ ቀስ እያሉ፣ እየተደጋገፉ ወደ በሬ መጡ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር የመጡት።

እየተጎተትኩ ደርሼ የበሩን ሰንሰለት አስገባሁት።

ደወሉ። አንኳኩ።

"እኅቴ" አሉ ጋሼ ከውጭ። "ክፈቺልን። ለደህና ነው የመጣነው።"

ያኔም ለደህና ነው ብለውኝ ነበር። ያቺኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

"አትግቡ" አልኳቸው። "ሂዱልኝ። አትግቡ፣ አትቀመጡ።"

"ክፈቺ እንጂ፣ ብርድ ነው" አለች ክርስትና እናቷ።

"አልከፍትም።"

በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር። ካልገቡ አይቀመጡም፤ ካልተቀመጡ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ልጄ አልሞተችም። በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቁጭ አልኩ። እዚያው ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ልይዘው ነበር። እነሱ ደግሞ አሳዘንኳቸውና ይለምኑኛል፤ በለመኑኝ ቁጥር ይበልጥ ሞተችብኝ። ጋሼ የሽማግሌ ነገር ጀመሩ። "ልጅ የእግዚአብሔር ናት" አሉ፣ "ወላጅ አደራ ጠባቂ ነው" አሉ። ከዚያ ያ ባልንጀራው፣ ሲጨንቀው አማርኛው ወደ ኦሮምኛ የሚያዳልጥበት፣ "ስለ ልጅሽ ነው፣ እባክሽ" አለ።

ያኔ ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው፣ ከላኦስ የመጣችው የሞንግ ጎረቤቴ ግድግዳውን መታች። ደረቴን እየመታሁ ስሟን ጠራሁ፤ አንቺን ሳልመርቅ አልኩ፣ አንቺን ሳልመርቅ። ከውጭ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ አንዱንም አልሰማሁም። የመኪና በር ሲዘጋ ብቻ ሰማሁ፤ ከዚያ በበረዶው ላይ የሚሮጥ ጫማ።

"እማ!"

እሱን ሰማሁ። በእውኔ የምሰማው ግን አልመሰለኝም፤ ሰው ሲሞትበት ድምፅ ይሰማል ይባላል።

"እማ፣ ክፈቺ፣ እኔ ነኝ" አለች። በሩን ትመታለች፤ በሁለት እጇ፣ ድራሙን እንደምትመታው።

ሰንሰለቱን አወጣሁት። ስከፍተው ልጄ ቆማለች። አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ኮፍያ አላደረገችም። ፊቷን ዳበስኩ፣ ጆሮዋን ዳበስኩ፣ እጇን ጓንቱን አውልቄ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያዝኩ። ከዚያ ነጠላ ጫማዬን ልመታት አነሳሁ፤ ጫማው ከእጄ ወደቀና አቀፍኳት። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ፤ ብርዱ ቤቱን ሞላው።

ነገሩን የሰማሁት ሁሉም ገብተው፣ እኔ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ነው። ቫኑ ምንም አልሆነም። ትናንት በሰላም ገብተዋል። ልጄ ስልኳ በብርዱ ባትሪው ሞቶባት፣ ዛሬ በአካል ስለምትመጣ "ደረስኩ" ማለቱ አስፈላጊ አልመሰላትም፤ ክርስትና እናቷ ቤት አደረች፤ ዘፋኟም ደክሟት ተኝታ ስልኩን አልሰማችም። ሦስቱን ሰዎች የላከችብኝ እሷ ናት። ሽማግሌ ነው የላከችው። ለምናችሁ አስታርቁኝ፣ ሳትመርቀኝ ቱር አልሄድም ብላ በየቤታቸው ዞራ እግራቸው ላይ ወድቃ ነበር። ጥፋተኛ ሽማግሌ ልኮ ደጅ ሆኖ ይጠብቃል ብለዋት፣ በዚያ ብርድ ጋሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር።

"ሽማግሌ በማለዳ ይመጣል እንዴ?" አልኩ። ቁጣው ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። "እናንተስ ትልልቆቹ? እናንተ አታውቁም?"

ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። "እኔ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። አንቺ ከሰዓት ትገቢያለሽ። ይህ ደግሞ ዛሬ ጭኖ ይወጣል። የምንገናኝበት ሰዓት ጠፋ። ደውለን እናስታውቃታለን ብለን ነው፣ አላነሳሽም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ይቅር በዪን።"

"ነጠላዬንስ አላየሽም?" አለች ክርስትና እናቷ። ተነስታ አሳየችኝ፤ ጥለቱ በሥርዓቱ ወደ ታች ነው። "እንዲህ ለብሼ ነው ለመርዶ የምመጣው?"

"በመስኮት ነጠላ አየሁ፤ ጥለት ልመርምር?"

ባልንጀራው ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል። ኋላ ላይ "ልጅቷ ናት በማለዳ ይሁን ብላ የለመነችን" አለ ቀስ ብሎ። "ጋሼ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ብለው ነበር። እምቢ አለች።"

ወደ ልጄ ዞርኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። የአባቷ መርዶ ቀን የተቀመጠችበት ደረጃ ላይ፤ ጉልበቷን አቅፋ።

"ለምን?" አልኳት። "ለምን በማለዳ?"

አማርኛው እየተሰበረባት፣ ቃል ሲጠፋት እየቆመች፣ እስከ መጨረሻው በአማርኛ ነገረችኝ። "አባዬ የሞተ ቀን እነሱ መጡ። በማለዳ። ተቀመጡ። አንቺ ሰማሻቸው፤ ምንም አላልሽም፣ ሰማሻቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስትሰሚ አይቼ አላውቅም። እኔን አትሰሚም። ስነግርሽ ትፈሪያለሽ፣ ስትፈሪ ትቆጪያለሽ። ትልቅ ነገር ላንቺ እንዲህ ነው የሚነገር መስሎኝ። በማለዳ፣ በነሱ።"

ጋሼ ኮፍያቸውን አዟዟሩት። እኔ ያን ማለዳ ለዓመታት ስፈራው፣ ልጄም እዚያው ማለዳ ላይ ቁጭ ብላ እንደነበር አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ ባሌን አጣሁ ብዬ በሬን ዘጋሁ፤ እሷ ደግሞ በሩን የሚያስከፍት ነገር ያ ብቻ መስሏት አደገች።

ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ትከሻችን ተነካካ። ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ፣ ይህን ነገርኳት። መንገዱን አልወደውም አልኳት። ከዚያ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ አልኳት። አደረገች።

"ሂጂ" አልኳት። "የሄድሽበት ይቅናሽ። ክፉ አይይሽ፣ ክፉ አትይ። ጎማውን ያጥብቀው፣ መንገዱን ያድርቀው። ወጥተሽ ግቢ።"

"አሜን" አሉ ጋሼና ክርስትና እናቷ። "አሚን" አለ ባልንጀራው።

"አንድ ነገር ግን" አልኳት። "ከእንግዲህ ሰው እንዳትልኪብኝ። ክፉም ይሁን ደግ፣ ራስሽ ደውለሽ ንገሪኝ።"

"ከሞትኩስ?" አለችኝ፤ እንደ ልማዷ ልታስቀኝ።

"አፍሽን በዳቦ" አለች ክርስትና እናቷ፣ ብድግ ብላ።

ሄዱ። ከዚህ እስከ ካሊፎርኒያ፣ ከዚያ እስከ ኒው ዮርክ ዞሩ። ቫኑ ሞንታና ላይ ሞተ፤ ሌላ ተከራዩ። መውጫቸው ላይ ጎማውን አይቼ፣ ሁሉንም ተራ በተራ ረጭቻቸዋለሁ፤ ዝምተኛው ልጅ ሁለት ጊዜ ተሰለፈ። ሲመለሱ ሚኒያፖሊስ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱ፣ እኔም ሄድኩ። ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ከኋላ ቆምኩ። ዘፋኟ ከመድረክ ሰው ላይ ስትዘል ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መጫወት ሳይሆን ራስን መግደል ነው የመሰለኝ። ድራሙ ብቻውን ሲቀር ግን ገለጥኩት። ልጄ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትመታለች።

ባንዱ ከዚያ ብዙም አልቆየ። ጠብ አልነበረም። ዘፋኟ አገባችና ኦሬገን ሄደች፣ ጊታር መቺው ኤሌክትሪሻን ሆነ፣ ዝምተኛው አሁንም አንዳንዴ መጥቶ በልቶ አመስግኖ ይወጣል። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ነርስ ሆናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ ባንድ ጋር ትመታለች። ሌሊት ሠርታ ማለዳ ነው የምትወጣው። መንገዱ ያው ነው፣ በረዶውም ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ።

ገና ሳይነጋ ስልኬ ይጮሃል። ትራስ ሥር አልከተውም፤ አነሳዋለሁ።

"እማ" ትለኛለች፣ "እኔ ነኝ። ሰው አልላክሁም።"